መብራትም ኔትወርክም ሲጠፋ ግቢው በምን ይናገራል?

ሸሕዲ ላይ መብራት ሲጠፋ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "መቼ ይመጣል?" ብሎ አይደለም፤ "ኔትወርክ አለ?" ብሎ ነው። እዚህ ቆላ ውስጥ ላደግን ሰዎች የሁለቱ ነገር ግልጽ ነው። መጀመሪያ መብራቱ ይሄዳል። የቴሌ ማማው በባትሪ ጥቂት ሰዓት ይቆያል። ባትሪው ሲያልቅ፣ ጄኔሬተር ከሌለ ወይም ናፍጣ ካልደረሰ፣ ኔትወርኩም ተከትሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ጎንደር ወይም ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ያላት እናት ያላት አማራጭ መጠበቅ ብቻ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ሸሕዲን የምታውቋት ገንዳ ውሃ በሚለው ስሟ ነው፤ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ፣ ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ። ዞኑ የራሱ ዩኒቨርሲቲ የለውም። ስለዚህ ከሸሕዲ፣ ከኮኪት፣ ከቋራ ወይም ከአብደራፊ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ሁሉ ከቤተሰቡ ርቆ ነው የሚማረው። "የግቢው መገናኛ ይሠራል ወይ?" የሚለው ጥያቄ ለእኛ የአይቲ ክፍል ጉዳይ አይደለም። "ልጄ ደህና ነው ወይ?" ከሚለው ጥያቄ ተለይቶ አይታይም።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ኢንጂነር አይደለሁም። ግን ይህን ጉዳይ በኢኮኖሚክስ ዓይን ሳየው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ብዙ የመገናኛ መንገድ ያላቸው ይመስላቸዋል። ሲቆጠር ብዙ ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን አንድ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

አምስት መንገድ፣ አንድ ገመድ

እስቲ ግቢያችሁ መልእክት የሚያስተላልፍባቸውን መንገዶች ቁጠሩ። የቴሌግራም ቻናል አለ። የፌስቡክ ገጽ አለ። ድረ ገጽ አለ። የሬጅስትራር ቢሮ ስልክ አለ። የፕሮክተሩና የተማሪዎች ኅብረት ተወካዩ ሞባይል አለ። አምስት ናቸው። አሁን ደግሞ እያንዳንዱ በምን እንደሚሠራ ጠይቁ። አምስቱም በአንድ የመብራት መስመር፣ በጥቂት ማማዎች፣ ከከተማ ወደ ከተማ በተዘረጋ የፋይበር ገመድ፣ በመጨረሻም "ክፈት" ወይም "ዝጋ" በሚል አንድ ውሳኔ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው።

የቆላ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ሦስት ማሳ ላይ ሰሊጥ የዘራ ሰው "ሦስት ቦታ ስለዘራሁ አልፈራም" ቢል ጎረቤቱ ይስቅበታል። ዝናቡ ያለወቅቱ ሲበዛ ሰሊጡ በሦስቱም ማሳ ይበላሻል። አንዱን ማሳ ማሽላ ያደረገው ግን የሚበላው አያጣም። ልዩነቱ ከማሳው ብዛት አይደለም፤ አንድ አደጋ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መምታት አለመቻሉ ነው። ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ድረ ገጽ ሦስት ማሳ ሰሊጥ ናቸው። ማሽላው የት አለ?

"አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም" ይባላል። የእኛ ግቢዎች አንድ ዓይን ይዘው ሁለት ያላቸው ይመስል ነው የሚኖሩት።

ያየነውን እናስታውስ

ይህ የሩቅ አገር ሥጋት አይደለም። በእኛው ዕድሜ፣ በእኛው ተማሪዎች ላይ የደረሰ ነው።

በኅዳር 2012 ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲጓዙ የታገቱትን ተማሪዎች የማያስታውስ የለም። ብዙዎቹ የአማራ ክልል ልጆች ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ የተመለሰው በመጋቢት መጨረሻ ነው። ወላጆች በዚያ ሁሉ ጊዜ በቂ መረጃ አላገኘንም እያሉ በየሚዲያው ተናገሩ። ያን ጊዜ የጎደለው ዋናው ነገር የሬዲዮ መሣሪያ አልነበረም፤ ጸጥታና መልስ የሚሰጥ አካል ነበር። ግን ወላጅ ሄዶ የሚጠይቅበት፣ ዩኒቨርሲቲውም ዛሬ የሚያውቀውን የሚናገርበት አንድ የታወቀ መስመር ቢኖር የጭንቀቱ ልክ ይህን ያህል አይሆንም ነበር።

ሁለተኛው የትግራይ ነው። ሰኔ 21/2013 የፌዴራል መንግሥት የተናጠል ተኩስ አቁም አውጆ ሠራዊቱ ከመቀሌ ሲወጣ ስልክም፣ መብራትም፣ ባንክም ቆመ። በመቀሌ፣ በአዲግራት፣ በአክሱምና በራያ ዩኒቨርሲቲዎች ከሌላ ክልል የሄዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ነበሩ። ወላጆቻቸው የመንግሥትንም የዓለም አቀፍ ድርጅቶችንም በር ሲያንኳኩ ሰነበቱ። ተማሪዎቹ በኋላ በአፋር በኩል በአውቶቡስ ወጡ። በዚያ የጨለማ ጊዜ ቀይ መስቀል በሳተላይት ስልክ አንዳንድ ሰዎችን ከቤተሰብ ጋር ያገናኝ ነበር። የአንድ ደቂቃ ጥሪ፦ "ደህና ነኝ።" ከዚያ ስልኩ ለቀጣዩ ሰው። በዚያን ቀን "ደህና ነኝ" የሚል ቃል ዋጋው ስንት እንደነበር ልኩን የሚያውቀው የጠበቀ ነው።

ሦስተኛው የራሳችን ነው። ሐምሌ 28/2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን የሞባይል ዳታ ተዘጋ። ወደ አንዳንድ ከተሞች መመለስ የጀመረው ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። በዚያው ዓመት የክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የሚጠሩበት ጊዜም ዘግይቶ ነበር። ጥሪው ሲወጣ ደግሞ የሚለጠፈው የት ነው? ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ። ዳታ ለሌለው የቆላ ተማሪ "ተጠርታችኋል" የሚለውን ወሬ የሚያደርሰው አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሆነ፤ ማስታወቂያውን ከስልኩ ላይ በቃሉ እያነበበ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ። አዲስ አበባ ዘመድ የሌለውስ?

ከድንበሩ ማዶም ያው ነው። ሚያዝያ 7/2015 በሱዳን ጦርነት ሲጀመር በመተማ ዮሐንስ በኩል ሰው ጎረፈ። ከውኃና ከጥላ ቀጥሎ የሚፈለገው ስልክ ነበር። በጥር 2016 መጨረሻ ደግሞ የሱዳን ኔትወርክ በአብዛኛው አገሪቱ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ሱዳናውያን በስታርሊንክ ኢንተርኔት በሰዓት እየከፈሉ ከዘመድ ጋር መገናኘት ያዙ። ገንዘብ ያለው ተገናኘ፤ የሌለው ወሬ ጠበቀ።

መብራት ብቻውን ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ደግሞ ሀብታም አገሮች አሳይተውናል። ሚያዝያ 20/2017 በስፔንና በፖርቱጋል መብራት በአንድ ጊዜ ጠፋ። ጦርነት የለም፤ የዘጋም የለም። ግን ሰዓታት ሲያልፉ የማማዎቹ ባትሪ እያለቀ የሞባይል ኔትወርኩ ተዳከመ። ሰዉ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ለመግዛት ሱቅ ላይ ተሰለፈ። አያቶቻችን የለመዱት ሬዲዮ በማድሪድ የዕለቱ ተፈላጊ ዕቃ ሆነ።

መሣሪያው እያለ አፍ ሲዘጋ

"እንግዲያው ሬዲዮና ጄኔሬተር ይገዛና ይለቅ" የምትሉ ትኖራላችሁ። ቆይ። ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው መሣሪያው አይደለም።

ሚያዝያ 8/1999 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ታጣቂ ተማሪ ከጠዋቱ 1፡15 ገደማ ዶርም ውስጥ ሁለት ሰው ገደለ። መብራት ነበር። ኢንተርኔት ነበር። ኢሜይል ነበር። ዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያውን ኢሜይል ለተማሪዎች የላከው ግን 3፡26 ላይ ነው። ከ15 ደቂቃ ያህል በኋላ ያው ሰው የመማሪያ ሕንፃ ውስጥ 30 ሰው ገደለ። በጠቅላላው የሞቱት 32 ናቸው። ያ ሁለት ሰዓት የጠፋው ስብሰባ ላይ ነው፤ ምን እንበል፣ ማን ይፈርም፣ ሰው እንዳይደናገጥ በሚል። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ማለት ይህ ነው። የአሜሪካ ሕግ በኋላ ተሻሽሎ ዩኒቨርሲቲዎች አደጋ መኖሩን እንዳረጋገጡ ወዲያውኑ እንዲያሳውቁ አስገደደ።

በእኛ ግቢ ይህ ቢሆን መልእክቱን የሚልከው ማነው? ፕሬዚዳንቱ ለስብሰባ አዲስ አበባ ቢሆኑስ? የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ስልካቸው ካልሠራስ? እኔ የተማርኩበት ግቢ መብራት ለሦስት ቀን ሲጠፋ አንድ ማስታወቂያ ለመለጠፍ ማኅተም ተፈልጎ ነበር፤ ማኅተሙ የተቀመጠበት ቢሮ ደግሞ ተቆልፏል። በዚያ መሐል "ፈተና ተራዘመ" እና "ፈተና አልተራዘመም" የሚሉ ሁለት ወሬዎች ከዶርም ዶርም ይሮጡ ነበር።

የፈተና ወሬ ቢበዛ ያናድዳል። ሌላ ዓይነት ወሬ ግን ይገድላል። በጥቅምት 2012 መጨረሻ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ሲገደሉ ውጥረቱ በቀናት ውስጥ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛመተ። ግቢው ዝም ባለ ቁጥር ዶርሙ ያወራል። ዶርም የሚያወራው ደግሞ በብሔር ተከፋፍሎ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ሁላችንም አይተናል።

መተማ ራሷ የዚህ ታሪክ ምስክር ናት። በመጋቢት 1881 የኢትዮጵያ ሠራዊት እዚሁ ድል እየቀናው ሳለ አፄ ዮሐንስ 4ኛ መቁሰላቸው ተሰማ፤ የተያዘው ድል ተለቀቀ፣ ሠራዊቱም ተበተነ። ወሬው ሐሰት አልነበረም። የጎደለው "ቀጥሎ እንዲህ አድርጉ" የሚል ቃል ይመስለኛል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ቀላል ነው፦ የአደጋ ጊዜ መልእክት የሆነውን ነግሮ ብቻ አይበቃውም፤ ሰው አሁን ምን ያድርግ፣ ቀጣዩን መረጃ ስንት ሰዓት ይጠብቅ የሚለውን መያዝ አለበት።

አራት ደረጃ ያለው ዕቅድ

ወታደሮች ለመገናኛ የሚጠቀሙበት ቀላል አሠራር አለ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲተካ አራት መንገድ አስቀድመው ይወስናሉ፦ ዋና፣ ተለዋጭ፣ መጠባበቂያ፣ የመጨረሻ። ቁም ነገሩ አራቱ በአንድ ምክንያት አብረው እንዳይወድቁ መምረጥ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በ1947 የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ የተጀመረው ይህ ተቋም ዛሬ ማራኪ፣ ቴዎድሮስ፣ ፋሲልና ሌሎችም ግቢዎች፣ ሲጨመርም የእኛ ቆላ ታማሚዎች የሚላኩበት ትልቅ ሆስፒታል አለው።

ዋናው መንገድ አሁን የምንጠቀመው ነው፤ ቴሌግራምና የጽሑፍ መልእክት። ኔትወርክ ሲጨናነቅ ጥሪ እንቢ ቢል እንኳ የጽሑፍ መልእክት ወረፋ ይዞ የመግባት ዕድል አለው፤ ስለዚህ ቴሌግራም ብቻውን አይበቃም። የወላጅ ስልክ ቁጥርም ተማሪው ሲመዘገብ አብሮ መያዝ አለበት። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ይቆራረጣል፤ ኔትወርክ ሲደክም ቁርጥራጩ ሳይሟላ ይቀራል። ስለዚህ መልእክቱ አስቀድሞ፣ አጥሮ መጻፍ አለበት። ለምሳሌ፦ "ከዶርም አትውጡ። በደቡብ በር ግጭት አለ። ቀጣይ መልእክት 6 ሰዓት።" ይህ ከነክፍተቱ 45 እንኳ አይሞላም። ምን እንደሆነ፣ ምን ይደረግ፣ መቼ ይሰማ፤ ሦስቱም አሉ።

ተለዋጩ የግቢው የራሱ ዋይፋይ ነው። ብዙ ሰው ኢንተርኔት ሲቋረጥ ዋይፋይ ጥቅም የሌለው ይመስለዋል። አይደለም። ግቢው ውስጥ አንድ አነስተኛ ሰርቨር ካለ የውጭ ኢንተርኔት ባይኖርም ተማሪው ስልኩን ከዋይፋይ አገናኝቶ የግቢውን ማስታወቂያ ማንበብ ይችላል። ችግሩ መብራት ሲጠፋ ራውተሩ አብሮ መጥፋቱ ነው። እስቲ እናስላው። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ እንጠቀም፤ 600። ራውተርና ስዊች አብረው 20 ዋት ቢወስዱ 30 ሰዓት ይሠራሉ ማለት ነው። የፀሐይ ፓነል ከተጨመረበት ደግሞ ቀናት። ፀሐይ እንደሆነ አልቸገረንም። ግን ማስጠንቀቂያም አለው፦ ይህ ዓይነቱ የሊድ ባትሪ ሙቀት አይወድም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በሚያዝያ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ቆላ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ባትሪ በወረቀት ላይ አለ፤ በችግር ቀን ግን የለም።

መጠባበቂያው ማማ የማይፈልገው ሬዲዮ ነው። በእጅ የሚያዘው የጥበቃዎች ሬዲዮ በግቢና በቅርብ ርቀት ያገለግላል፤ እንደ ጎንደር ተራራ በበዛበት ከተማ ግን ከፍታ ላይ ሆኖ ድምፁን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ያስፈልገዋል። ከበር ጥበቃ፣ ከክሊኒክ፣ ከዶርም ፕሮክተርና ከሆስፒታል ጋር በአንድ መስመር መገናኘት አለበት። ለሩቁ ደግሞ ኤችኤፍ የሚባለው አለ። ሸሕዲ ውስጥ ረጅም አንቴና ተክለው የሚያልፉትን የዕርዳታ ድርጅት ነጭ መኪኖች ታውቋቸዋላችሁ። ያ አንቴና ብዙ ጊዜ የዚህ ሬዲዮ ነው። ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ተመልሶ ስለሚወርድ መቶ፣ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያለ አንድ ማማ ያገናኛል።

ይህ ለሆስፒታሉ የሕይወት ጉዳይ ነው። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ወደ መተማና ወደ አርማጭሆ ከሚመጣው የቀን ሠራተኛ መሐል በእባብ የሚነደፍ፣ በካላዛር የሚታመም አለ። ከዚህ ተልኮ ጎንደር የሚደርስ ታማሚ ስልክ ከሌለ ሳይነገርለት ነው የሚደርሰው። መድኃኒቱ መኖሩን፣ ደም መዘጋጀቱን፣ አልጋ መገኘቱን የሚጠይቅለት የለም። አንድ የሬዲዮ ጥሪ የስንት ሰዓት ዝግጅት ማለት እንደሆነ አስቡት።

ለወላጅ የሚደርሰው መጠባበቂያ ግን የብሮድካስት ሬዲዮ ነው። ጎንደር ላይ ፋና ኤፍኤም አለ፤ የአማራ ሬዲዮም አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የራሱን የማኅበረሰብ ሬዲዮ ካቋቋመ ቆይቷል። ዩኒቨርሲቲዎች ከጣቢያዎቹ ጋር አንድ ገጽ ስምምነት ቢፈራረሙና "ችግር ሲኖር ምሽት 1 ሰዓት ላይ የዩኒቨርሲቲዎች መልእክት ይነበባል" ቢባል፣ በእርሻ ላይ ያለ አባት ባትሪ ድንጋይ ባለው ሬዲዮ ይሰማል። ሰዓቱ የታወቀ መሆኑ ከጣቢያው ትልቅነት ይበልጣል።

የመጨረሻው ምንም መብራት የማይፈልግ ነው፦ ደወል፣ በእጅ የሚሽከረከር ሳይረን፣ የድምፅ ማጉያ፣ ሰሌዳ፣ መልእክተኛ። አንድ ረጅም ደወል "ወደ ዶርም ግቡ"፣ ሦስት አጭር "ወደ ሜዳ ውጡ" ማለት እንደሆነ ፍሬሽ ሲገባ በመጀመሪያው ሳምንት ከተነገረው ከስልኩ ይልቅ ይህን ያምናል። አያቶቻችን በነጋሪት የሠሩትን በአይፎን ዘመን ማፈር የለብንም።

ከአራቱ በላይ ደግሞ አንድ ወረቀት። መልእክት የመላክ ሥልጣን ያላቸው የሦስት ኃላፊነቶች ዝርዝር፤ አንደኛው ካልተገኘ ሁለተኛው፣ እሱም ካልተገኘ ሦስተኛው፣ ማንንም ሳያስፈቅድ። ከዚያም በዓመት ሁለት ጊዜ ሙከራ። ያልተሞከረ ዕቅድ ምኞት ነው።

"በጀት የለም" እና ሌሎች መልሶች

የመጀመሪያው መልስ "በጀት የለም" ነው። የደወል ስምምነት፣ የተዘጋጁ መልእክቶች፣ የሥልጣን ዝርዝር፣ ከሬዲዮ ጣቢያ ጋር የሚደረግ ስምምነት ግን ወጪያቸው ወረቀት ነው። ባትሪና የእጅ ሬዲዮም ቢሆን ከአንድ ሕንፃ እድሳት ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው። እውነተኛው ችግር ሌላ ይመስለኛል። ሕንፃ ይመረቃል፤ ሪባን ይቆረጣል፤ ፎቶ ይነሣል። ያልደረሰ አደጋ ግን ሪባን የለውም። አንድ አመራር በዕቅዱ ሰው ቢያድን ማንም አያይለትም፤ ባትሪው ዓመቱን ሙሉ ባይነካ ግን ኦዲተር "ለምን ተገዛ?" ይለዋል። በኢኮኖሚክስ ይህ የማበረታቻ ችግር ነው። መፍትሔውም ምክር አይደለም፤ መለኪያ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር በአፈጻጸም አመልካቾች ላይ ስምምነት ይፈራረማል። "የአደጋ ጊዜ መገናኛ ዕቅድ አለው፣ በዓመቱ ሁለት ጊዜ ሞክሯል" የሚል አንድ መስመር እዚያ ቢገባ ብዙ ነገር ይቀየራል።

ሁለተኛው መልስ "በዚህ ጊዜ ሬዲዮ መያዝ አያስጠረጥርም ወይ?" የሚል ነው። ትክክለኛ ሥጋት ነው። ያለ ፈቃድ ሬዲዮም ሆነ የሳተላይት መሣሪያ መያዝ በሕግ ያስጠይቃል፤ በግጭት አካባቢ ደግሞ ከዚያም በላይ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ይህ የተማሪዎች የግል ሥራ መሆን የለበትም። ተቋሙ በስሙ፣ በ1148/2011 አዋጅ የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጠይቆ፣ ፈቃድና ሞገድ አስመድቦ፣ የጸጥታ አካላትም አውቀውት መሆን አለበት። ምሳሌውም አለን። አዲስ አበባ 5 ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ በፈቃድ ይሠራል፤ ተማሪዎች ይማሩበታል፤ መጠሪያው ኢቲ3ኤኤ በዓለም ዙሪያ ባሉ የሬዲዮ አማተሮች ዘንድ ይታወቃል። አዲስ አበባ ላይ የተቻለ ጎንደርና ባሕር ዳር ላይ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ "መንግሥት ራሱ ሲዘጋስ?" የትኛውም ባትሪ የፖሊሲን ቦታ አይተካም። ግን ሁሉንም በአንድ ማጥፊያ መዝጋትና ሆስፒታልን፣ አምቡላንስን፣ የዩኒቨርሲቲን አንድ የድንገተኛ መስመር ለይቶ ማቆየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዩኒቨርሲቲዎችም የመንግሥት ተቋማት ናቸው። ተማሪው በሕይወት መኖሩን ለወላጅ የሚናገር መስመር የትኛውንም ጸጥታ አያናጋም። እንዲያውም ወሬን ስለሚያበርድ ጸጥታ ይጠቅማል። የዩኒቨርሲቲ አመራሮች ይህን አንድ ላይ ሆነው፣ በሰላሙ ቀን፣ በጽሑፍ መጠየቅ አለባቸው። በችግሩ ቀን የሚጠየቀው የለምና።

እስከዚያው እናንተ

ዕቅዱ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም። ዛሬ ማታ የሚሠሩ ነገሮች አሉ።

ሦስት ስልክ ቁጥር በወረቀት ጻፉና ከመታወቂያችሁ ጀርባ አድርጉ። ስልኬ ሞተ ያለ ሰው የእናቱን ቁጥር በቃሉ የማያውቅበት ዘመን ላይ ነን። ከሦስቱ አንዱ ከክልሉ ውጭ ያለ ሰው ይሁን። ጎንደርና ሸሕዲ እርስ በርስ ባይደዋወሉ ሁለቱም አዲስ አበባ ለአክስት መደወል የሚችሉበት ቀን አለ፤ አክስት ወሬ ታሻግራለች።

ከቤተሰብ ጋር ሰዓት ተስማሙ። "ኔትወርክ ሲያስቸግር ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ስልክ እከፍታለሁ" ከተባባላችሁ ቻርጅም ትቆጥባላችሁ፤ እናትም ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ አታፈጥም። አንድ ሚስኮል "ደህና ነኝ"፣ ሁለት ሚስኮል "ደውሉልኝ" ይሁን።

በቁልፍ የሚሠራውን ርካሽ ስልክ አትናቁ። አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ቀናት ይቆያል፤ ብዙዎቹ ኤፍኤም አላቸው፤ ኢርፎን ሲሰካ አንቴና ይሆናል። ያለ ኢንተርኔት በብሉቱዝ መልእክት የሚያሻግሩ እንደ ብራየርና ብሪጅፋይ ያሉ መተግበሪያዎችም አሉ። ግን ብሉቱዝ ከዶርም ዶርም ያደርስ ይሆናል እንጂ ሸሕዲ አያደርስም። ብሪጅፋይ ላይ ደግሞ ተመራማሪዎች ከዓመታት በፊት የደኅንነት ክፍተት አግኝተውበታል። "ማንም አያየኝም" ብላችሁ የምትጽፉበት አይደለም።

ከጎንደር በአይከል አድርጎ ወደ መተማ የሚወርደውን የሚኒባስ ሹፌርና ረዳት ስም እወቁ። ሁሉም መስመር ሲዘጋ መንገዱ ክፍት ከሆነ ደብዳቤ ያደርሳሉ። በእኛ አካባቢ ከየትኛውም መተግበሪያ በፊት የነበረ ኔትወርክ ነው።

የተማሪዎች ኅብረት ውስጥ ያላችሁ ደግሞ በቀጣዩ ስብሰባ ለዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ሦስት ጥያቄ አቅርቡ። መብራትና ኔትወርክ አብረው ቢጠፉ በምን ትነግሩናላችሁ? ፕሬዚዳንቱ ባይኖሩ መልእክቱን የሚልከው ማነው? ለመጨረሻ ጊዜ የሞከራችሁት መቼ ነው? መልሱ በአምስት ደቂቃ ከመጣ ግቢያችሁ ተዘጋጅቷል። "አጣርተን እንመለሳለን" ከተባላችሁ ግን በአጀንዳው ላይ አስመዝግቡት፤ በቀጣዩ ስብሰባም ደግማችሁ ጠይቁ።

"ሳይቃጠል በቅጠል" የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅጠሉ ዛሬ አንድ ባትሪ፣ አንድ ደወልና አንድ ወረቀት ነው።